«ኮባስ?»

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ብሩ አይደለም። እሺ፣ ብሩም ነው። ግን ከብሩ በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የሳቁት ሳቅ ነው።

ጣጣው የጀመረው ስልኬ ላይ ባየሁት ቪዲዮ ነው። ነጭ ግድግዳ፣ ግራጫ ሶፋ፣ ጥግ ላይ ቅጠሉ እንደ ጋሻ የሰፋ ተክል። በርድ ኦፍ ፓራዳይስ ይሉታል። የእኛ ሳሎን ጥግ ላይ ያሉት ግን አራት ቢጫ ጀሪካኖች ናቸው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖሩ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጀሪካኖቹን የሚሸፍን ነገር ነበር የፈለግኩት፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ ልጅ ጋ ሄድኩና ደረቴን ነፍቼ ወደ አንዱ ጠቆምኩ። «ይሄ በርድ ኦፍ ፓራዳይስ ነው አይደል?» ልጁ ተክሉን አየ፣ እኔን አየ፣ ጫማዬን አየ። «እሱው ነው ጌታዬ» አለ። 4,500 ብር። አምስት ቅጠል፣ ቁመቱ እስከ ደረቴ።

የታክሲውን ነገር ባልፈው ደስ ባለኝ፤ ግን አላልፈውም። ረዳቱ «የሁለት ሰው ትከፍላለህ» አለኝ፤ ከፈልኩ። ከፍዬም ተክሉን ጭኔ ላይ ታቅፌው ሄድኩ፤ በከፈልኩበት ቦታ ላይ ሌላ ሴትዮ ጫነበት። ሴትዮዋ መንገዱን ሙሉ ቅጠሉ ዓይኔን ወጋኝ እያሉ ሲራገሙ የነበረው ደግሞ እኔን ነው። ተክል ሰው ነው ካልን መቀመጫ ይሰጠው። ዕቃ ነው ካልን የሰው ሂሳብ አይጠየቅበት። ይህን የሚመልስልኝ አካል እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ስንት እንደገዛሁት ጠየቀችኝ። «1,500» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ባላስታውሳቸው እመርጣለሁ። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን አንድ በአንድ በለብታ ውሃና በጥጥ እወለውላለሁ። በጀሪካን በተቀዳ ውሃ! ልጆቹ በአንድ ሜትር ርቀት እንዳይጠጉት ከለከልኩ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ቡና ልትጠጣ መጥታ ሥሩ ቆማ ፎቶ ተነሳች። እኔም ሳልጠየቅ ማስረዳት ጀመርኩ። «ሁለት ዓይነት አለ። ብርቱካናማና ሰማያዊ አበባ ያለው፣ ሆቴል ግቢ ውስጥ የምታዪው፣ ትንሹ ነው። ይሄኛው ትልቁ ነው፤ ስትሬሊትዚያ ኒኮላይ። የደቡብ አፍሪካ ተክል ነው።» ኒኮላይ የምትለዋን ሞስኮ እንደተማረ ሰው ነበር የምጠራት።

ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ አማቴ ከእምድብር መጡ። እንደ ልማዳቸው ቆጮ ይዘው፣ በሰፊ ቅጠል ተጠቅልሎ። ቆጮውን ተቀብዬ ፈታሁት፣ ቅጠሉን ጨምድጄ ቆሻሻ ውስጥ ከተትኩት፣ እጄን ታጥቤ የራሴን ቅጠል መወልወሌን ቀጠልኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር ቆይታችሁ ተመለሱበት።

ማታ ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ ምጣዱ ተጥዷል። ባለቤቴ ከማድ ቤት ብቅ አለች።

«ኮባስ?»

ዶሮ ገዝቻለሁ። ሽንኩርት፣ ቄጤማ፣ አደይ አበባ ሳይቀር ገዝቻለሁ። ኮባ ረስቻለሁ። በዚያ ሰዓት ደግሞ ከየት ይመጣል? እንግዲህ እውነቱን ልናገር፤ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ኮባን የማውቀው ከድፎ ዳቦ ሥር ጠቁሮና ተኮማትሮ ነው። በቁሙ አይቼው ሰላም አላልኩትም።

«ቆይ» አሉ አማቴ። ቢላ ይዘው ወደ ሳሎን አለፉ።

«አያቴ፣ አባዬ እንዳይነካ ብሏል» አለች ትንሿ ልጄ።

«እማማ፣ እሱ እኮ የጌጥ ነው» አልኩ ተከትያቸው። «የደቡብ አፍሪካ ተክል ነው።»

«የማን?»

አንዱን ቅጠል ወደ ታች ጎተቱት። ጀርባውን ገለበጡና ቀላ ያለውን አከርካሪውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ጎንበስ ብለው ወፈር ያለውን ግንዱን ጫን ጫን አደረጉት፣ ሐኪም የሕፃን ሆድ እንደሚነካው። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ እንሰት ነው።»

ነጠላው አፋቸው ላይ የሄደው ያኔ ነው። ሳቃቸው ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ድምፅ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር።

«ስንት ገዛኸው?»

እዚህ ላይ ነው ብልጥ የሆንኩ የመሰለኝ። «አምስት መቶ» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። አጨበጨቡ። «አምስት መቶ ብር! ለአንድ እግር እንሰት!»

ባለቤቴ ከማድ ቤት፦ «1,500 አላልከኝም?»

መልስ አልነበረኝም፤ እስከ ዛሬም የለኝም። ይህን ጽሑፍ ካነበበች ደግሞ ሦስተኛውን ዋጋ ታገኘዋለች፤ በዓል ነውና ይቅር በይኝ።

አማቴ ሦስት ቅጠል ቆረጡ። በቢላው ጫፍ አከርካሪውን ልጠው አነሱ፣ ቅጠሉን ምድጃው ላይ ወዲያና ወዲህ አሳለፉት፤ ላብ እንዳለው ፊት አብረቀረቀና ለሰለሰ፤ እንደ ጨርቅ ታጠፈ። ሁለቱ ከሥር፣ አንዱ ከላይ። እኔ ያን ጊዜ እያሰላሁ ነበር። 4,500 ለአምስት ሲካፈል 900። ስለዚህ ከዳቦው ሥር 1,800 ብር፣ ከላዩ 900 ብር። ዱቄቱንና የመብራቱን ሳንቆጥር የ2,700 ብር ድፎ። ከነጋሪት ጋር መቆረስ ነበረበት። በማግስቱ ዳቦውን ሲቆርሱ እያንዳንዱን ቁራሽ ዓይኔ ሸኘው። የጎረቤት ልጅ ቅርፊቱን ትቶ መሐሉን ብቻ ሲበላ፣ ቅጠሉ ያረፈው ቅርፊቱ ላይ እኮ ነው፣ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እንግዶቹ «ዘንድሮ ኮባው እንዴት ይሸታል!» አሉ። መሽተት ሲያንሰው ነው።

ከበዓሉ በኋላ በንዴት መማር ጀመርኩ። ለካ ሁለቱን መለየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የስትሬሊትዚያ ቅጠሎች በሁለት ረድፍ፣ በግራና በቀኝ ነው የሚወጡት፤ ከፊት ስታዩት እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ ነው። እጀታው ረጅም፣ ቅጠሉ ጠንካራ፣ ጫማ ቢሠራበት የሚችል። እንሰት ግን ቅጠሉን እየተሽከረከረ በዙሪያው ነው የሚያወጣው፤ ቅጠሉ ስስ፣ ሥሩ ደግሞ ወፍራም። ስትሬሊትዚያ አፈሩ ደረቅ ሲል ነው ውሃ የሚፈልገው፤ ጀሪካን ላለው ቤት የሚስማማው እሱ ነበር። እንሰት ይጠጣል፣ ይበላል፣ ያድጋል፤ ሜዳ ላይ ስድስት ሜትር ያልፋል፤ የእኔን ጣራ ከነባለቤቱ ይዞ ሊሄድ ነው። ስትሬሊትዚያ ዕድሜው ከደረሰ በየጊዜው ያብባል፤ ቤት ውስጥ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ አበባ ሳያሳይ ይኖራል። እንሰት አንዴ ያብብና ይሞታል። አማቴ በስልክ እንደነገሩኝ ደግሞ ሳያብብ ነው የሚነቀለው፤ ካበበ ጉልበቱ ሁሉ ወደ አበባው ሄዶ ቆጮው ያንሳል።

ወደ ልጁ ተመለስኩ፣ ልጣላ። «እንሰት ሸጥክልኝ!»

«በርድ ኦፍ ፓራዳይስ ያልከው አንተ ነህ ጌታዬ። እኔ እሱው ነው አልኩ እንጂ ስሙን ጠራሁ?» ይህን ብሎ ዝም ቢል ጥሩ ነበር። «ደግሞ ፈረንጅ እኮ ለጌጥ ነው የሚተክለው» አለኝ። ሊያሞኘኝ መስሎኝ ቤት ስገባ አጣራሁ። እውነቱን ነው! ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተጓዥ እኛ አገር ዞሮ ከተመለሰ በኋላ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ እንሰትን አሥሎ አሳይቷል። እንግሊዞች ቀይ ቅጠል ያለውን እንሰት ለአትክልት ቦታ ጌጥ ያሳድጉታል፤ የአትክልት ማኅበራቸውም ሽልማት ሰጥቶታል። ክረምት ሲመጣ ብርድ እንዳይገድለው ይጠቀልሉታል ወይም ቤት ያስገቡታል። ይህን ለአማቴ ስነግራቸው «ቆጮውንስ ማን ይፍቅላቸዋል?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

እውነተኛውን በርድ ኦፍ ፓራዳይስ ልጁ አሳይቶኛል። 6,000 ብር። በእጄ ሳልነካው ተመለስኩ።

እንሰቱ አሁን በረንዳ ላይ ነው፤ ጀሪካኖቹ ወደ ጥጋቸው ተመልሰዋል። የተቆረጡትን ተክቶ ሌላም ጨምሯል። አማቴ ሲደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለሱ ነው፤ ከዚያ ስለ ልጆቹ፤ ካርድ ካልጨረሱ ስለ እኔ።

የገና ዋዜማ ማታ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ያቺ ፎቶ የተነሳችው የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ናት።

«ይቅርታ በማታ። የቤቱ ሰው ኮባ ሳይገዛ መጣ» አለችኝ። በነጠላዋ ሥር ቢላ ይዛለች። «ኒኮላይ አለ?»