ቁልፉ ሳይፈጠር የተሠራው ሰንጠረዥ

«አንዱን ቁልፍ ለመስበር ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። 40,000 መሣሪያዎች አሉን። ሁሉንም ለመስበር ሦስት ዓመት ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጉዳቱ ዝቅተኛ ነው።» ደንበኛችን የሆነው ድርጅት ለላክንለት የደኅንነት ፍተሻ ሪፖርት የሰጠው መልስ በአጭሩ ይህ ነበር። ግማሽ ሰዓቱን ያገኙት ከራሳችን ሪፖርት ነው፤ ማባዛቱም ቢሆን ትክክል ነበር። እኔን ያሳሰበኝ ጭራሽ መባዛቱ ነው። የአንድን ቁልፍ ዋጋ በመሣሪያዎቹ ብዛት የሚያበዛ ሰው፣ አጥቂው በእያንዳንዱ ቁልፍ ፊት ሥራውን ከዜሮ ይጀምራል ብሎ አምኗል ማለት ነው።

መሣሪያዎቹ የለኩትን መረጃ በዲጂታል ፊርማ አረጋግጠው የሚልኩ ትንንሽ መለኪያዎች ናቸው። ፊርማው ኒል ኮብሊትዝና ቪክተር ሚለር እ.ኤ.አ. በ1985 በየፊናቸው ባቀረቡት ሐሳብ፣ ማለትም በኤሊፕቲክ ከርቭ (ነጥቦቹን እርስ በርስ መደመር በሚቻልበት የሒሳብ ኩርባ) ላይ የተመሠረተ ነው። ድርጅቱ የመረጠው ከርቭ ፒ-256 የሚባለውና ብዙዎች የሚጠቀሙበት ነው። በዚህ አሠራር የምስጢር ቁልፉ ቁጥር ነው፤ ይፋዊው ቁልፍ ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው አንድ መነሻ ነጥብ በዚያ ቁጥር ልክ ከራሱ ጋር ሲደመር የሚገኘው ነጥብ ነው። ከቁጥሩ ተነስቶ ነጥቡን ማግኘት የቅጽበት ሥራ ነው። ከነጥቡ ተነስቶ ቁጥሩን ማግኘት ግን፣ ቁጥሩ በሙሉ ርዝመቱ በዘፈቀደ ከተመረጠ፣ ዛሬ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ቢረባረቡ የሚሆን አይደለም።

ችግሩ ቁጥሩ በሙሉ ርዝመቱ አለመመረጡ ነበር። በመሣሪያው ውስጥ ያለው የዘፈቀደ ቁጥር አመንጪ ለቁልፉ የሚሰጠው ከ256 ቢት (የዜሮና የአንድ አሃዝ) ውስጥ 60 ቢት ብቻ ነው፤ የቀረው የቁልፉ ክፍል በሁሉም መሣሪያዎች ላይ አንድ ዓይነት የሆነ ቋሚ ቁጥር ነው። ቋሚውን ክፍል ከይፋዊው ቁልፍ ላይ በአንድ ስሌት መቀነስ ይቻላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው እንቆቅልሽ ከ2 በ60ኛ ኃይል ቁጥሮች መካከል ትክክለኛውን መፈለግ ነው። ጆን ፖላርድ እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተመው የካንጋሮ ዘዴ የዚህን ክልል ካሬ ሥር እጥፍ ያህል፣ ማለትም 2.15 ቢሊዮን ገደማ የነጥብ ድምሮችን ይጠይቃል። በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ድምር የሚሠራ አንድ ተራ ኮር (የኮምፒውተር አንድ ማስሊያ ክፍል) 36 ደቂቃ ይፈጅበታል። ደንበኛችን በ40,000 ያባዛው ይህን 36 ደቂቃ ነው።

በቡድናችን ስብሰባ ላይ መጀመሪያ የተነሣው ሐሳብ የዳንኤል ሻንክስ ዘዴ ነበር፦ ከመነሻው ነጥብ ጀምሮ በተከታታይ የሚገኙትን ነጥቦች በሰንጠረዥ መዝግቦ፣ ከማይታወቀው ቁልፍ በትልልቅ እርምጃ እየዘለሉ ከተመዘገቡት ነጥቦች አንዱ ላይ እስኪወድቁ መሄድ። አሠራሩ ግልጽ ነው፤ ተማሪም ይገባዋል። ግን ስግብግብ ነው። ከአንድ ቢሊዮን በላይ ረድፎች ያሉት 16 ጊጋባይት የሚያህል ሰንጠረዥ ተሠርቶ እንኳ እያንዳንዱ ቁልፍ እስከ 18 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ሰንጠረዡን ወደ 16 ሜጋባይት ብናሳንሰው የአንዱ ቁልፍ ፍለጋ እስከ 13 ቀን ገደማ ይረዝማል።

በዚህ ጊዜ ከቡድኑ በዕድሜ ትንሿ የሆነችው ባልደረባዬ፣ «16 ሜጋባይቱን ተዉልኝ፤ ውስጡ የሚገባውን ነገር ግን እኔ ልምረጥ» አለች። ይህ አነጋገሯ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል፤ የነገሩ ቁልፍ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ አለና።

የሻንክስ ሰንጠረዥ አንድ ረድፍ የሚያስታውሰው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። እርሷ ያሰበችው ሰንጠረዥ ግን በአንድ ረድፍ አንድ ሙሉ ጉዞ ያስታውሳል። አካሄዱ እንዲህ ነው። በከርቩ ነጥቦች ላይ የሚጓዝ መንገደኛ ቀጣዩን እርምጃ የሚወስነው አሁን የቆመበት ነጥብ ብቻ እንዲሆን እናደርጋለን፦ የነጥቡ አሃዞች ከጥቂት ደርዘን የታወቁ ዝላዮች አንዱን ይመርጣሉ። ያለፈው ታሪኩ ምንም ሚና የለውም። በዚህ ምክንያት ሁለት መንገደኞች በተለያየ ቦታ ተነስተው አንድ ጊዜ ብቻ አንድ ነጥብ ላይ ከተገናኙ ከዚያ በኋላ አይለያዩም፤ እንደ ገባር ወንዞች ተቀላቅለው አብረው ይፈሳሉ። ጉዞው የሚያበቃው ምልክት ያለበት ነጥብ ላይ ሲደረስ ነው፤ ለምሳሌ የመጨረሻዎቹ 20 ቢቶች ሁሉ ዜሮ የሆኑበት ነጥብ። እንዲህ ያለ ነጥብ በአማካይ ከአንድ ሚሊዮን እርምጃ በኋላ ይገኛል። ሰንጠረዡ የሚመዘግበው ይህን መጨረሻና ሁሉም ከሚያውቀው መነሻ ነጥብ ያለውን ርቀት ብቻ ነው።

ያልታወቀ ቁልፍ ሲመጣ እርሱንም በዚያው ሕግ እናስጉዘዋለን። በመንገዱ ላይ ቀድሞ ከተሄደባቸው እጅግ ብዙ ነጥቦች አንዷን ከነካ፣ ሳያውቀው ወደ ተመዘገበ መጨረሻ ይወሰዳል። እዚያ ሲደርስ የተመዘገበውን ርቀት ወስደን እርሱ የተጓዘውን እንቀንሳለን፤ የምስጢር ቁልፉ ይገኛል። ካልተገኘ የጉዞውን መነሻ ትንሽ አዛውረን ደግመን እንሰዳለን።

ዳንኤል በርንስታይንና ታንያ ላንገ ይህን ዘዴ በትንንሽ ክልሎች ላይ ሞክረው እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ውጤት ለእኛ በቂ መመሪያ ነበር። የሰንጠረዡ ረድፎች ብዛት የክልሉ ኪዩብ ሥር ከሆነ፣ አንድን ቁልፍ መፍታት በአማካይ የዚያው ኪዩብ ሥር 1.93 እጥፍ ያህል ስሌት ይጠይቃል፤ ዝግጅቱ ደግሞ የኪዩብ ሥሩ ካሬ 1.21 እጥፍ ነው። ከሚያስፈልገው በላይ ጉዞ አድርጎ ብዙ መንገዶች የሚፈስሱባቸውን መጨረሻዎች ብቻ መርጦ ማስቀረትም የዘዴው አንድ ክፍል ነው። ለ60 ቢት ስናሰላው፦ 1,048,576 ረድፎች፣ በ16 ባይት አንድ ረድፍ 16 ሜጋባይት፤ ዝግጅቱ 1.33 ትሪሊዮን ድምር፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ሚሊዮን ድምር። በዚያው ተራ ኮር ዝግጅቱ 15 ቀን ነው፤ 16 ኮር ላለው ኮምፒውተር አንድ ቀን ገደማ። ከዚያ አንድ ቁልፍ ሁለት ሰከንድ። የደንበኛችን 40,000 ቁልፎች በአንድ ኮር አንድ ቀን እንኳ አይሞሉም። ለዝግጅቱ የወጣው ልፋት የሚካካሰው ደግሞ 620 ያህል ቁልፎች ከተፈቱ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ለአጥቂው ትርፍ ነው።

ቁልፎቹ ሁሉ አስቀድመው በእጅ ካሉ ከዚህም የሚያንስ መንገድ አለ። ፋቢያን ኩንና ረኔ ስትራውክ እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳዩት ብዙ ቁልፎችን አንድ ላይ ሲፈቱ ልፋቱ የሚያድገው በብዛታቸው ሳይሆን በብዛታቸው ካሬ ሥር ነው። እኛ ግን ሰንጠረዡን የፈለግነው ሆን ብለን ነው። ድርጅቱ እንዲያይ የፈለግነው ነገ ከፋብሪካ የሚወጣው፣ ገና ቁልፍ ያልፈጠረው መሣሪያ ጭምር አስቀድሞ የተሰበረ መሆኑን ነበር።

ዝግጅቱን ከመጀመራችን በፊት ባልደረባዬ አንድ ነገር ላይ ድርቅ አለች፦ የዝላዮቹ ዝርዝር ከሰንጠረዡ ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጥ፤ ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር አዲስ ዝላይ እንዳያወጣ። ትክክል ነበረች። ዝላዮቹ ከተለወጡ መንገዶቹ ሁሉ ይለወጣሉ፤ አዲሱ መንገደኛ ከድሮዎቹ መጨረሻዎች ጋር የሚገናኝበት ምክንያት አይኖርም፤ ትሪሊዮን ስሌት የፈጀው ፋይል ዋጋ የሌላቸው ቁጥሮች ክምር ይሆናል። የከፋው ደግሞ ፕሮግራሙ ምንም ስሕተት ሳያሳይ ዝም ብሎ መሮጡ ነው። መልሳቸውን የምናውቃቸውን ቁልፎች ራሳችን ፈጥረን በሰንጠረዡ ከፈተንን በኋላ ነው ደንበኛውን የጠራነው።

የድርጅቱ ዋና መሐንዲስ አንድ ያልተከፈተ መሣሪያ ይዘው መጡ። በፊታችን ከካርቶኑ አውጥተው አበሩት፤ ቁልፉን የፈጠረው እዚያው ነው። ይፋዊ ቁልፉን አነበብን፣ ቋሚውን ክፍል ቀነስን፣ ፕሮግራሙን አስነሣን። የምስጢር ቁልፉ ወዲያው ወጣ፤ በመነሻው ነጥብ አባዝተን ከይፋዊው ቁልፍ ጋር አንድ መሆኑን አሳየናቸው። ከመዝገባቸው የመረጧቸውን ሌሎች ቁልፎችም አስገባን፤ አንዳንዱ ከአንድ ሰከንድ በታች፣ አንዳንዱ አምስት ስድስት ሰከንድ ወሰደ።

«ይህን ፋይል ታጠፉታላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«በውላችን መሠረት እናጠፋዋለን» አለቻቸው ባልደረባዬ፤ «ነገር ግን ፋይሉ ውስጥ የእናንተ የሆነ አንድም ቁጥር የለም። የተሠራው ከከርቩና ከመነሻው ነጥብ ብቻ ነው፤ ሁለቱም በይፋ የታተሙ ናቸው። እርስዎ የማያውቁት ሰው ዛሬ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊሠራው ይችላል።»

ለእርሳቸው በጣም የከበዳቸው ይህ ይመስለኛል። መሐንዲሶች የምስጢር መረጃ ከእጃቸው ሲወጣ የሚሆነውን በደንብ ያውቃሉ፤ ምንም ምስጢር ሳይወጣ፣ ማንም መሣሪያቸውን ሳይነካ ሥራው ሁሉ ሊያልቅ መቻሉ ግን በሒሳባቸው ውስጥ አልነበረም። ነገሩ አዲስ አይደለም። ማርቲን ሄልማን እ.ኤ.አ. በ1980 ቀድሞ የተሠራ ሰንጠረዥ ኋላ የሚመጣን ምስጢር ለመፍታት የሚያስፈልገውን ጊዜ እንዴት እንደሚያሳጥር ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሎግጃም በተባለው ጥናት ደግሞ ብዙ ሰርቨሮች አንድ ዓይነት የ512 ቢት ቁጥር ይጋሩ ስለነበር፣ ተመራማሪዎቹ ለአንድ ሳምንት ያህል ከተዘጋጁ በኋላ አንዱን ግንኙነት በደቂቃ ገደማ መስበር ችለዋል። የዚያ ሒሳቡ ከኤሊፕቲክ ከርቭ ይለያል፤ ኪሳራው ግን የመጣው ከተመሳሳይ ቦታ፣ ሁሉም ከሚጋራው ነገር ነው።

መሐንዲሱ ጥቂት አሰቡና፣ «80 ቢት ብናደርገውስ?» አሉ። መሣሪያው አቅሙ ትንሽ ስለሆነ አመንጪውን ደጋግሞ ማስነሣት ጊዜ ይወስድበታል፤ ጥያቄያቸው ከንቱ አልነበረም። በሰሌዳው ላይ አብረን አሰላነው። ዝግጅቱ ለአንድ ኮር ከ430 ዓመት በላይ ነው። ግን ሥራው ያለ ችግር ይከፋፈላል፤ ለ1,000 ኮር ከግማሽ ዓመት ያነሰ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቁልፍ በአንድ ኮር ሦስት ደቂቃ ተኩል አይሞላም። ቀጥለን 256 ቢቱን አሰላን። ሰንጠረዡ ብቻ ከ2 በ85ኛ ኃይል የሚበልጡ ረድፎች ይጠይቃል፤ ይህን የሚይዝ ማከማቻ በዓለም ላይ የለም። ዝግጅቱ ወደ 2 በ171ኛ ኃይል ይጠጋል፤ አንዱን ቁልፍ ያለ ሰንጠረዥ በቀጥታ ለመስበር ግን 2 በ128ኛ ኃይል ገደማ ይበቃል፤ እርሱም ራሱ የማይቻል ነው። ሰንጠረዡ ምንም የማይጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

መሐንዲሱ «ጉዳቱ ዝቅተኛ» የሚለውን መስመር በእስክሪብቶ ሰረዙት። አዲሶቹ መሣሪያዎች ሙሉው 256 ቢት እስኪሞላ አመንጪያቸውን እየደጋገሙ ቁልፍ እንዲፈጥሩ ተወሰነ፤ ሲበራ የሚፈጀው ተጨማሪ ጊዜ በመመሪያው ላይ ተጻፈ። ማሻሻያ መቀበል የሚችሉት አሮጌዎቹ ቁልፋቸውን ለወጡ። የማይችሉት ከየቦታቸው እንዲሰበሰቡ ድርጅቱ በጀት ያዘ፤ እስኪሰበሰቡ ድረስም የሚልኩት መረጃ ያልተረጋገጠ ተብሎ እንዲመዘገብ መሐንዲሱ ራሳቸው አዘዙ።