አንዲት ጥምቀት

ባለፈው ጥር 11፣ ገና ሳይነጋ፣ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ግንቡ ሥር ቆሜ ነበር። የጎንደርን የጥር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጋቢ ደርቤ እንኳ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ከጎኔ አንድ ወጣት አስጎብኚ አምስት ስድስት ፈረንጆች ሰብስቦ ያስረዳል። ልጁ ትሁት ነው፣ እንግሊዝኛውም ያምራል። ስለ ግንቡ፣ ስለ ውሃው፣ ድንጋዩ ላይ ስለተጠመጠሙት የዛፍ ሥሮች ጥሩ አድርጎ ነገራቸው። ከዚያ ግን «ኦርቶዶክሶች በየዓመቱ በዚህ ቀን እዚህ መጥተው እንደገና ይጠመቃሉ» አላቸው። እንግዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ። ወንጌል እየተነበበ ስለነበር መልሼ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ከሆዴ አልወጣም። ልጁን ልወቅሰው አይደለም፣ እኛው ራሳችን እኮ «ዘንድሮ ተጠመቅሽ?» «እኔማ ተጠምቄ መጣሁ» እንባባላለን። ግን በዚህች ከተማ፣ በዚያ ውሃ ዳር፣ «እንደገና መጠመቅ» ቀላል ቃል አይደለም። ደም የፈሰሰበት ቃል ነው።

እኛ እንደገና አንጠመቅም። ክርስትና የሚነሣው አንድ ጊዜ ነው። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ። ቄሱ ሕፃኑን በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም ሦስት ጊዜ ውሃው ውስጥ ያጠልቁታል፣ ሜሮን የተባለውን ቅዱስ ዘይት ይቀባል፣ ማተብ አንገቱ ላይ ይታሰርለታል፣ በዚያው ዕለት ይቆርባል። አለቀ። ሁለተኛ የለውም። ልጅ ሆኜ አያቴን «እኔም ጥር ጥር ነው የምጠመቀው?» ብዬ ጠይቄያት አውቃለሁ። «ሰው ሁለቴ ከእናቱ ይወለዳል እንዴ ልጄ?» ነበር መልሷ። ማንበብ አትችልም ነበር። ትልቅ ሆኜ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ላይ ጌታን «ሰው እንዴት ሁለተኛ ይወለዳል?» ብሎ የጠየቀውን ኒቆዲሞስን ሳገኘው አያቴን አስታወሰኝ።

በየቅዳሴው ጸሎተ ሃይማኖት ላይ «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት ለሥርየተ ኃጢአት» እንላለን። ኃጢአት በሚሰረይባት በአንዲት ጥምቀት እናምናለን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ381 ቁስጥንጥንያ ላይ የተሰበሰቡት አባቶች ያጸኑት ቃል ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች «አንድ ጌታ አንድ ሃይማኖት አንዲት ጥምቀት» ብሎ ጽፎላቸዋል።

ታዲያ ጥር 11 ምንድን ነው? የእኛ ጥምቀት በዓል አይደለም፣ የእሱ ነው። ጌታ በ30 ዓመቱ ወደ ዮርዳኖስ ወርዶ በዮሐንስ እጅ ተጠመቀ። ወልድ ውሃው ውስጥ፣ አብ ከሰማይ «የምወደው ልጄ ይህ ነው» ሲል፣ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ሲወርድ፣ ሦስቱም በአንድ ቦታ ተገለጡ። በዓሉ አስተርእዮ የሚባለውም ለዚህ ነው፣ መገለጥ። ታቦቶቹ ከመንበራቸው ተነሥተው ወደ ውሃ የሚወርዱት እሱ ስለወረደ ነው። እኛም ተከትለን የምንወርደው እሱን ተከትለን ነው።

ዋዜማውን ከተራ የምንለው ውሃ ስለሚከተር ነው። ወንዝ ገድቦ፣ አጠራቅሞ፣ ለበዓሉ ማዘጋጀት። በጎንደር ይህን የሚያደርገው የቀሃ ወንዝ ነው። ገንዳው ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ሆኖ ይከርምና በዓሉ ሲቃረብ ከቀሃ በቦይ ውሃ ይገባበታል። ልጆች ሆነን ውሃው የት ደረሰ እያልን ለማየት እንሮጥ ነበር። መጀመሪያ ወለሉ ላይ ትንሽ ጭቃ የመሰለ ነገር ይታያል፣ ከዚያ የመሃሉ ግንብ እግሩ ይርሳል፣ ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ስትመጡ ግንቡ ተገልብጦ ውሃው ውስጥ ይታያል። ያን ጠዋት እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። በዓሉ ለእኔ የሚጀምረው ያኔ ነው።

አንድ ነገር በመሃል ላስገባ። ዮርዳኖስ ላይ የሆነው ነገር የጎንደርን ሊቃውንት ለረጅም ዘመን አከራክሯል። የሐዋርያት ሥራ 10፥38 ላይ እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ ቀባው ይላል። መቀባቱ ምን ማለት ነው? አንዱ ወገን ቅብዐት፣ ሌላው ተዋሕዶ፣ ሌላው ጸጋ እየተባለ በነገሥታቱ ፊት ጉባኤ እየተሰበሰበ ተከራከሩ። ነገሥታት በዚህ ሚዛን ተነሡ፣ ወደቁም። ጉዳዩ በአዋጅ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጊዜ ነው። ለዛሬ ሰው ይህ ሁሉ የቃላት ክርክር ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን ያስቀናኛል። ክርስቶስ ማን ነው ለሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ያጣ ሕዝብ ነበር ይህ።

ወደ ውሃው ልመለስ። ሌሊቱን ማኅሌት ተቁሞ፣ ተቀድሶ፣ ሲነጋ ከአራቱ ወንጌላት ይነበባል። ከዚያ ጸሎቱ ይደርሳል፣ መስቀሉ ውሃውን ይነካል። ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉም በቪዲዮ አይቶታል፣ ጎረምሶቹ ከግንቡ ላይ ይዘላሉ፣ ውሃ ይረጫል፣ እልልታው ሰማይ ይነካል። ካሜራው ሁሉ ወደዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓሉ በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህማ የምስሉ ነገር ጨምሯል። በእኛ 2012 የእንጨት መቀመጫው ተደርምሶ የሰው ሕይወት ያለፈበትን ቀን ግን እኛ የከተማው ሰዎች አንረሳውም።

እኔ በዚያ ሰዓት የማየው ሌላ ነገር ነው። የአያቴን እጅ። እሷ ውሃው ውስጥ ገብታ አታውቅም። ጠርዝ ላይ ትቆምና ፍንጣቂው እስኪደርሳት መዳፏን ትዘረጋለች። ሁለት ሦስት ጠብታ ሲያርፍባት መጀመሪያ ዓይኗን ታብሳለች፣ ቀጥላ ግንባሯን፣ በመጨረሻ በርጥብ ጣቷ አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ ትይዛለች። ጥቁር፣ ያረጀ ክር ነው። ትይዘውና ዝም ትላለች። አንድ ዓመት እኔ ከጓደኞቼ ጋር ዘልዬ ገብቼ፣ እየተንቀጠቀጥኩ ስመለስ ምንም አልተቆጣችኝም። ነጠላዋን አለበሰችኝና «ማተብህ አለ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ነበር። «እንግዲያው ደህና» አለች።

በዓሉ ማለት ይህ ነው ለእኔ። አንድ ጊዜ የተደረገልህን ነገር መንካት። ውሃው በረከት ነው፣ ጠበል ነው፣ ለታመመ ይወሰዳል፣ ቤት ይረጫል። ጥምቀትህን ግን አይደግምም።

አሁን ወደ ደሙ ልምጣ። ፈረንጅ በዚህ ጉዳይ ሲሳሳት የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው የካቶሊክ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን በዓሉን አይቶ፣ ሕዝቡ በየዓመቱ ይጠመቃል ብሎ ጻፈ። ከንጉሡም ጋር ተነጋግሮበታል፣ አንዲት ጥምቀት የሚለውን የጸሎተ ሃይማኖት ቃል ጠቅሶ ተከራከረ። አልቫሬዝ ያየውን ጻፈ፣ አልፈርድበትም። በዚያ ዘመን ሕዝቡ ሁሉ ሥርዓቱን አንድ ዓይነት ያውቀው ነበር ማለትም አልችልም። የሚገርመው ግን ከእሱ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ የሆነው ነው።

አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክ መሆኑን በይፋ ገለጠ። ከሮም የተላከው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ መጣና በ1626 በንጉሡ መናገሻ በደንቀዝ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮም መታዘዛቸውን በመሐላ አጸኑ። ከዚያ ትእዛዙ ወረደ። ካህናት እንደገና ይሾሙ። አብያተ ክርስቲያናት እንደገና ይባረኩ። ሕዝቡም እንደገና ይጠመቅ፣ የቀድሞው ጥምቀታችሁ ያጠራጥራልና። «አንዲት ጥምቀት» ብሎ የሚከራከር ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው ይህን ያዘዘው። በእርግጥ በእነሱ ሕግ «ምናልባት ካልተጠመቅህ» ተብሎ የሚሰጥ ነው፣ መድገም አይደለም ይላሉ። ለገበሬው ግን ምን ብሎ ነው የሚገባው? አባትህ ሳይጠመቅ ሞተ። እናትህም። የቀበሯቸው ቄስም ቄስ አልነበሩም። የሰማው ይህንን ነው።

አገሩ ተነሣ። ላስታው፣ በጌምድሩ፣ ሁሉም። እ.ኤ.አ. በ1632 ወይና ደጋ በተባለ ቦታ በተደረገው ጦርነት ንጉሡ አሸነፈ፣ ሜዳው ላይ የተኛው ብዙ ሺህ ሬሳ ግን የገዛ ሕዝቡ ነበር። በዚያው ሰሞን የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነገረና መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ሰጠ። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የሚለውን ከልጅነታችን እየሰማን ነው ያደግነው። ሱስንዮስ ያንኑ ዓመት ሞተ። የተቀበረው አዘዞ፣ ገነተ ኢየሱስ ነው፣ ኤርፖርት ስንሄድ የምናልፍባት አዘዞ። ከአራት ዓመት በኋላ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ አደረጋት። ጥር ጥር የምንወርድበት ውሃም በእሱ ስም ይጠራል።

ፋሲልን መልአክ ላደርገው አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1638 ካፑቺን ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ሁለት መነኮሳት እዚሁ ጎንደር በገመድ ተሰቅለው ተገድለዋል። ይህንንም የእኛ ታሪክ ነው ብለን መናገር አለብን። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፣ «ጥምቀትህ አይቆጠርም» የተባለ ሕዝብ ምን ያህል እንደሚቆስል ከዚህች ከተማ ታሪክ ይታያል።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ታሪኩ ሩቅ ስላልሆነ ነው። ቤታችን ገብቷል። የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ለሥራ ሄዳ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ፕሮቴስታንት ሆነች። ጥሩ ልጅ ናት፣ ከልቧ ነው የምታምነው፣ እወዳታለሁ። እሷ እንደምትለው መጀመሪያ ማመን፣ ከዚያ መጠመቅ ነው የሚቀድመው፣ ሕፃን ደግሞ አያምንም። የሐዋርያትን ሥራ ትጠቅሳለች። እኔም የእስር ቤቱ ጠባቂ «ከቤተሰቡ ሁሉ ጋር» ተጠመቀ የሚለውን እጠቅስላታለሁ፣ ሰው በራሱ ብቻ ሳይሆን በተሸከሙት እምነትም ይቀርባል፣ በወንጌል ያለው ሽባ እንኳ ጌታ ፊት የቀረበው አራት ሰዎች ተሸክመውት ነው እላታለሁ። በስልክ እንከራከራለን፣ አንጣላም።

አክስቴ ግን መከራከር አትችልም። ልጇ እንደገና መጠመቋን የሰማች ቀን አላለቀሰችም፣ አልረገመችም። ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና «ታዲያ በ80 ቀኗ ይዣት የሄድኩት የት ነበር?» አለች። ያን ቀን ክረምት ነበር አሉ። በዝናብ፣ በጋቢ ጠቅልላ፣ አንድ ሰዓት በእግሯ ሄዳ ነው ያስነሣቻት። ለዚያ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁላትም። የሜንዴዝን ትእዛዝ የሰሙ እናቶችም ይህንኑ ሳይሉ አይቀሩም።

በእኛ ሥርዓት ሃይማኖቱን ክዶ የተመለሰ ሰው እንኳ አይጠመቅም። መጽሐፈ ቄድር የሚባል አለ። ይነበብለታል፣ ውሃ ላይ ይጸለያል፣ ይታጠባል፣ በንስሐ ይመለሳል። የመጀመሪያው ጥምቀት ግን እዚያው ነው፣ ማንም አልነካውም። እሱ ቢክደውም ጥምቀቱ ጠብቆት ነበር። አክስቴ ይህን ከንስሐ አባቷ የሰማች ቀን ፊቷ እንዴት እንደበራ ብታዩ! «አልጠፋም ማለት ነው አባ?» «አልጠፋም።» ሦስት ጊዜ አስደገመቻቸው።

ዘንድሮ ጥር 11 ከአክስቴ ጋር ነበርኩ። ብርዱ እንደ ሁልጊዜው ነው። ውሃው ከተባረከ በኋላ ከቦርሳዋ ሁለት ባዶ ሃይላንድ አውጥታ ሰጠችኝ። ሰው እየገፋኝ፣ ጫማዬ ርሶ፣ ሞልቼ መለስኩላት። አንዱ አልጋ ላይ ለዋለችው ጎረቤታችን ነው። ሁለተኛውን ክዳኑን አጥብቃ፣ በፌስታል ጠቅልላ፣ «አዲስ አበባ ስትሄድ ታደርስልኛለህ» አለችኝ። ምን እንድላት አልነገረችኝም።

አደረስኩ። የአክስቴ ልጅ ፌስታሉን ስትፈታ ገባት። ይዛው ትንሽ ቆመች። እንደማትጠጣው አውቃለሁ፣ አልጠየቅኳትም። ባለፈው ሳምንት ቤቷ ሄጄ ውሃ ልቀዳ ፍሪጁን ስከፍት በሩ ላይ፣ ከወተቱ አጠገብ፣ ክዳኑ እንደተጠበቀ ቆሟል።