ቫዮሊን ሆድ ውስጥ የተገኘ ቡና

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጅማ እንደ አመሏ ሌሊቱን ስታዘንብ አድራ ገና አልበቃትም። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ስድስት ሕፃናት፣ ስድስት ወላጆች፣ እኔ እና የቆርቆሮው ጩኸት ተፋጠናል።

ሥራዬ ከ4 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ቫዮሊን ማስተማር ነው። ቫዮሊኖቹን ስታዩ መጫወቻ ይመስሏችኋል። ለ5 ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ 1/8 የሚባለው ነው የሚሆነው፣ ክንድ የምታክል ነገር። ከጀርባው ስፖንጅ በላስቲክ እናስርና ትከሻቸው ላይ ይቀመጣል። እኔ ጋ ልጅ በር ላይ ጥሎ መሄድ የለም። ወላጅ ገብቶ ይቀመጣል፣ ያያል፣ ይጽፋል፣ ቤት ሄዶ ያለማምዳል።

ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። ሺኒቺ ሱዙኪ የሚባል ጃፓናዊ (1898–1998) ነው ያመጣው። የጃፓን ልጅ ሁሉ ጃፓንኛ ይናገራል አለ ሰውዬው፤ ሰዋስው ያስተማረው የለም፣ ሲሰማ እየዋለ፣ እየተኮላተፈ፣ ሺ ጊዜ እየደጋገመ ነው የለመደው፣ ሲሳሳትም እናቱ ትስቅለታለች እንጂ አትቆጣውም፤ ታዲያ ሙዚቃስ ለምን እንደዚያ አይለመድም? በሱ አካሄድ ደግሞ ከልጁ በፊት ወላጁ ነው ቫዮሊን የሚይዘው። እናት ወይም አባት አንድ ቀላል ዜማ እስኪጫወቱ ድረስ ይማራሉ። ልጁ ያያል፣ ይቀናል፣ «ለኔም!» ይላል።

ይቺን የመጨረሻዋን ነገር እኔ ዘልያታለሁ። ሰው ሥራ አለው፣ ጊዜ የለውም፣ ለትልቅ ሰው የሚሆን ቫዮሊንም ያለኝ አንድ የራሴ ብቻ ነው። ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ አልኳቸው፣ አለቀ።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። አንዲት የ5 ዓመት ልጅ አለችኝ። ጎበዝ ናት፣ ጆሮዋ የሚገርም ነው። ግን ካለፈው ወር ጀምሮ ደጋኑን የያዘችበት እጅ እንደ እንጨት ደርቋል። አውራ ጣቷ መታጠፍ ትቶ ቀጥ ብሏል፣ ትከሻዋ ጆሮዋን ሊነካ ደርሷል። አባቷ ግን አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ደብተር ይዞ የፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ የምለውን ሁሉ ይጽፋል። እኔማ እንዲህ ያለ አባት የት ይገኛል እያልኩ ለሌሎቹ ምሳሌ አደርገው ነበር።

ተራዋ ሲደርስ ቫዮሊኗን ተቀብዬ ልቃኝላት ገና ሳነሳው ውስጡ ኳኳ አለ። ደነገጥኩ። ቫዮሊን የሚጣበቅበት ሙጫ እርጥበት አይወድም፣ የጅማ ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከውስጥ የተጣበቀው እንጨት ተላቆ ይሆናል ብዬ ደመደምኩ። የራሴ ንብረት ነው፣ ያዋስኳቸው።

«ጋሼ፣ ጥላችሁታል እንዴ?» አልኩት።

«ኧረ በፍጹም ቲቸር!»

«ካልጣላችሁት እንዲህ አይሆንም። እውነቱን ብትነግሩኝ ይሻላል።»

በሰው ፊት ነው ያልኩት። ወላጆቹ ሁሉ አንገታቸውን አቀረቀሩ። ሰውዬው ፊቱ ቀላ። ልጅቷ ጫማዋን ታያለች።

ከዚያ ደግሞ ማንም ተማሪ የማይሠራውን ስህተት ሠራሁ። ውስጡን ለማየት ቸኩዬ መቃኛዎቹን አከታትዬ አላላኋቸው። አራቱንም። ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ፣ ሁሉም ረገቡ። ክሮቹን ከሥር ደግፎ የሚይዛቸው በርኩማ ወደቀ። ወዲያው ከውስጥ ሌላ ድምፅ መጣ፣ ጠቅ የሚል። ሆዴ ነው የወደቀው።

ለማያውቅ ልንገር። ቫዮሊን ውስጥ በርኩማው አጠገብ ከላይኛው እንጨት እስከ ታችኛው የቆመች ቀጭን ዘንግ አለች። ሙጫ የላትም። የክሮቹ ውጥረት ከላይ ሲጫናት ነው ቆማ የምትቀረው። ጣሊያኖች አኒማ ይሏታል፣ ነፍስ ማለት ነው፣ እውነትም እሷ ከወደቀች ቫዮሊኑ ሳጥን ነው። ለዚህ ነው ክር ሲቀየር አንድ በአንድ የሚቀየረው። ይህን ለስንት ሰው አስተምሬአለሁ መሰላችሁ!

ዘንጓን ላወጣ ቫዮሊኑን ገልብጬ በዚያች በኤፍ ቅርጽ በተቆረጠችው ቀዳዳ በኩል ስነቀንቅ አንዲት ነገር ወለሉ ላይ ወደቀች። ጎንበስ ብዬ አነሳኋት። ጥሬ ቡና ናት። ደግሜ ነቀነቅኩ። ሌላ ወጣች። ሌላ። አሥራ አንድ ፍሬ ቆጠርኩ፣ ሁሉም ደቃቅ። እየመረጠች ነው የከተተቻቸው ማለት ነው፣ ትልቁ አይገባማ።

አንዷ እናት «ቡናው ደረሰ፣ ስኒ አምጡ» ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አባትየው አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም ቡናው ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ነኝ የሰጠኋቸው።

ከሁለት ወር በፊት ነው። ልጅ መደጋገም ይሰለቸዋል፣ ስለዚህ ሁለት ስኒ አስቀምጡ፣ አንዱ ውስጥ አሥር የቡና ፍሬ ጨምሩ፣ አንድ ጊዜ በተጫወተ ቁጥር አንዷን ወደ ሌላው ያሻግር፣ ጨዋታ ይሆንለታል ብዬ ነበር። አባትየው የሚሠራው ቡና ላይ ነው። ናሙና ዘርግቶ የተበላውን፣ የጠቆረውን፣ የተሰበረውን ፍሬ እየለቀመ ሲቆጥር ይውላል። ምክሬን ወሰደና አሻሻላት። ልጅቷ ከተሳሳተች የተሻገሩት ሁሉ ወደ መጀመሪያው ስኒ ይመለሳሉ። ዘጠነኛው ላይ ብትሳሳትም ከአንድ። አንዳንድ ማታ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ለ5 ዓመት ልጅ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃታል፤ ግን ይህን መቼ ነገርኩት? አልነገርኩትም።

ልጅቷን ተንበርክኬ በቀስታ ጠየቅኳት። መልሱ አልቸገራትም።

«ስኒው ባዶ ሲሆን ነው የሚያልቀው» አለችኝ።

አባቷ ስልክ ሲያነሳ ወይም ዞር ሲል አንዷን ወደ ቫዮሊኑ ሆድ። በቃ። ሒሳቧ ልክ ነው።

ዘንጓን መልሶ ለማቆም ማታውን ሙሉ ፈጀብኝ። ሽቦ ጠምዝዤ፣ የስልክ መብራት በቀዳዳው አስገብቼ፣ ስትቆም ስትወድቅ፣ ስትቆም ስትወድቅ። እኩለ ሌሊት አካባቢ ቆመች። ትዕግስቴ ግን ከሷ በፊት ነው ያለቀው። ያን ሁሉ ሰዓት የማስበው ደግሞ ስለ አንዲት አያት ነበር።

ከስድስቱ ውስጥ አንዱን ልጅ የምታመጣው አያቱ ናት። ነጠላዋን ተከናንባ ጥግ ላይ ትቀመጣለች፣ ምንም አትጽፍም። ልጁ ግን በየሳምንቱ ለውጥ ያመጣል። ምስጢሩን ስጠይቃት «እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ እስቲ አሳየኝ እለዋለሁ፣ ያሳየኛል፣ አይ አልገባኝም ድገምልኝ እለዋለሁ» ነው ያለችኝ። ይህንን ሰምቼ ስቄ አልፌ ነበር። አሥር ጊዜ የሚደግመው እንግዲህ ለሷ ሲል ነው፣ ለስኒው አይደለም።

እሁድ ለአባትየው ደወልኩ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ በሰው ፊት ስለወነጀልኩት። ከዚያ የቡናው ጉዳይ የኔ ጥፋት መሆኑን ነገርኩት። ዝም አለ። «እኔ የምረዳት መስሎኝ ነው ቲቸር» አለ በመጨረሻ። ያ ድምፁ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹን ወንበር ላይ፣ ወላጆቹን መሐል ላይ አደረግኳቸው። የራሴን ቫዮሊን በየተራ እያዞርኩ። መጀመሪያ እሺ ያለችው ያቺ አያት ናት፣ ልታምኑኝ አትችሉም፣ ነጠላዋን ለልጁ አስይዛ። አባትየው ሲደርሰው ደጋኑን እንደ መዶሻ ጨብጦ ያዘው። አውራ ጣቱ ቀጥ፣ ትከሻው ጆሮው ሥር። ልክ እንደ ልጁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው አንገቴን አመመኝ ብሎ አወረደው፣ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ልጁን አየት አደረጋት።

አሁን ለቤት የምሰጠው ሥራ አንድ ብቻ ነው። ይህን ሳምንት አውራ ጣት እዩ፣ ሌላውን ተዉት እላለሁ። ቢሳሳት ዝም በሉ። ደግሞ ዜማውን ምግብ ሲሠራም ሆነ ልብስ ሲታጠብ በስልክ ክፈቱላቸው፣ ጆሯቸው ይጥገብ። አንድ እናት አሁንም ለልጇ መልስ ትመልስለታለች፣ እጁን ይዛ ታንቀሳቅስለታለች። እሷን ገና አልቻልኳትም።

ባለፈው ደግሞ አባትየው ቤት ውስጥ የቀረጸውን ቪዲዮ ላከልኝ። በሷ ሚጢጢ ቫዮሊን እሱ ላ ክር ላይ ይታገላል፣ ድምፁ የበር ማጠፊያ ነው። ልጅቷ ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ ሁለት ስኒ አለ። ሰባተኛው ላይ ደጋኑ ተንሸራተተበት።

«አባዬ፣ ምንም አይደል» አለችውና ፍሬዋን አሻገረችለት።