ሰር ጋዌንና አረንጓዴውን ፈረሰኛ እንዴት እንዳጠናሁት፣ እና የመቀነቱ ነገር

ማንቸስተር በመጣሁ በአራተኛው ዓመት የማታ ኮርስ ጀመርኩ፣ የመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ስነጽሁፍ ነው፣ ቀን ስራ ውዬ ማክሰኞና ሀሙስ ማታ ክፍል እገባለሁ። ለአንድ ጓደኛዬ «ሮማንስ ነው የምናጠናው» ስለው «የፍቅር ልብወለድ ነው?» አለኝ፣ እኔም ያኔ አጥርቼ ላስረዳው አልቻልኩም። ይሄን የምጽፈው ለሱም ነው፣ ሊትሬቸር ለሚማሩ ልጆችም ነው፣ እኔ ብዙ ወር የፈጀብኝን ነገር ሌላ ሰው ቶሎ ቢያገኘው ደስ ስለሚለኝ።

«ሮማንስ» መጀመሪያ የቋንቋ ስም ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ የተማረ ሰው ቁምነገር የሚጽፈው በላቲን ነው፣ ህዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ሲጻፍ ደግሞ «በሮማንዝ ተጻፈ» ይባል ነበር፣ እኛ ጋ ግዕዝና አማርኛ እንደምንለው ማለት ነው። ክሬቲያን ደ ትሯ የሚባለው ገጣሚና መሰሎቹ የንጉስ አርተርን ፈረሰኞች ታሪክ በዛ ቋንቋ ሲጽፉ ስሙ ቀስ እያለ ከቋንቋው ወደ ታሪኩ ዓይነት ተሻገረ። ስለዚህ ፍቅር ይኖርበታል ግን የጀርባ አጥንቱ ፈተና ነው፦ ፈረሰኛው ከንጉሱ ግብር ተነስቶ ብቻውን ጫካ ይገባል፣ ያላሰበው ነገር ይገጥመዋል፣ ይፈተናል፣ ተመልሶ ይናገራል።

የኔ ድርሻ የደረሰኝ ሰር ጋዌንና አረንጓዴው ፈረሰኛ የሚባለው ረጅም ግጥም ነው። የተጻፈው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ማን እንደጻፈው አይታወቅም፣ በዓለም ላይ ያለው የብራና ቅጂም አንድ ብቻ ነው። ያ ቅጂ ሮበርት ኮተን የሚባል ሰብሳቢ ቤተመጻህፍት ውስጥ የኔሮ ምስል ካለበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ ስለነበር እስካሁን የሚጠራው በኔሮ ስም ነው፣ በ1731 ስብስቡ የነበረበት ቤት ሲቃጠል ተረፈ፣ ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው ያለው። ያን ሌሊት ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ጭራሽ እንደዚህ ዓይነት ግጥም እንደነበረ እንኳን አናውቅም ነበር፣ ይሄን ሳስብ አሁንም ይከብደኛል።

ታሪኩ ባጭሩ፦ ንጉስ አርተር ቤተመንግስት የአዲስ ዓመት ግብዣ ላይ ሰውነቱም ፀጉሩም ፈረሱም አረንጓዴ የሆነ ግዙፍ ሰው ባንድ እጁ ለምለም ቅርንጫፍ በሌላው መጥረቢያ ይዞ አዳራሹ ውስጥ ይገባና «አንድ ጊዜ ምታኝ፣ ከዓመት በኋላ እኔ እመታሃለሁ» ይላል። ከአርተር ፈረሰኞች አንዱ የሆነው ጋዌን አንገቱን ይቆርጠዋል። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጭንቅላቱን በፀጉሩ ያነሳና ጭንቅላቱ እራሱ እያወራ «አረንጓዴው ቤተጸሎት እንገናኝ» ብሎ ይሄዳል። ዓመቱ ሲደርስ ጋዌን ይሄዳል፣ በዌልስ ሰሜንና በዊራል ጫካ ሲንከራተት ከርሞ ለገና ዋዜማ ማርያምን ቅዳሴ የምሰማበት ቤት ስጪኝ ብሎ ሲለምን ግንብ ያያል። የግንቡ ጌታ ተቀብሎት አንድ ስምምነት ያደርጋሉ፣ ጌትየው በቀን አድኖ ያገኘውን ለጋዌን ይሰጣል፣ ጋዌንም ቤት ውሎ ያገኘውን ለሱ ይሰጣል። ሶስት ቀን። በሶስቱም ቀን የጌትየው ሚስት ጋዌን መኝታ ድረስ ትመጣለች።

እኔ መጀመሪያ ያነበብኩት በዘመናዊ እንግሊዝኛ ትርጉም ነው፣ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ፣ ከዛ «ጀግናው ጋዌን» የሚል ስድስት ገጽ ጻፍኩና አስገባሁ። መምህሬ ከስር የጻፈችልኝ አንድ መስመር ነው፦ «ታሪኩን ነግረኸኛል፣ ግጥሙ የታለ?» በጣም ነው የከፋኝ። ግን ቤት ገብቼ ወረቀቴን ሳነበው ልክ ነበረች፣ የጻፍኩት ፊልም አይቶ የወጣ ሰው የሚጽፈውን ነው።

ስለዚህ ከዜሮ ጀመርኩ። ቶልኪንና ጎርደን የሚባሉ ምሁራን በ1925 ያሳተሙትን፣ ግጥሙ በተጻፈበት በጥንቱ እንግሊዝኛ ያለውን መጽሐፍ ከላይብረሪ ተዋስኩ፣ መጨረሻው ላይ ሙሉ የቃላት መፍቻ አለው፣ ከዛ አንድ ደብተር ገዝቼ በየማታው አንድ አንጓ በእጄ መገልበጥ ጀመርኩ። ግጥሙ 101 አንጓ፣ 2530 መስመር ነው። አንዳንድ ቀን ደክሞኝ አስር መስመር ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር፣ ግን በእጅ ስትገለብጠው ዓይንህ የሚዘለው ቃል የለም፣ ይሄ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ነገር ነው።

ሁለተኛው ነገር ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። እኛ ግጥም ስንል ጆሯችን የሚጠብቀው የስንኙን መጨረሻ ነው፣ ቤት መታ አልመታም እንላለን። ይሄ ግጥም ግን የሚመታው በቃሉ መነሻ ነው። የመጀመሪያው መስመር በኛ ፊደል ሲጻፍ እንዲህ ነገር ነው፦ «ሲዘን ዘ ሴጅ አንድ ዘ አሳውት ዋስ ሴስድ አት ትሮይ»፣ ሰ ሰ ሰ እያለ ነው የሚሄደው። ባማርኛ ብሞክረው «ሰይፉን ስሎ ሰማዩን ሰነጠቀ» እንደማለት ነው። ረጃጅሞቹ መስመሮች እንዲህ ይወርዱና በየአንጓው መጨረሻ ሁለት ቀለም ብቻ ያላት አጭር መስመር ትመጣለች፣ ከሷ በኋላ አራት አጫጭር መስመሮች ቤት እየመቱ ይዘጉታል። በዓይኔ ብቻ ሳነብ ይሄን አላየሁትም፣ ኩሽና ቆሜ ጮክ ብዬ ሳነበው ግን ያቺ አጭር መስመር ስትመጣ ትንፋሼ እራሱ ቆም ይላል።

ቋንቋው ይከብዳል፣ አልዋሽም። በዚያው ዘመን ለንደን የጻፈው ገጣሚ ቾሰር ይሻላል፣ ምክንያቱም የዛሬው እንግሊዝኛ በብዛት የመጣው ከለንደኑ ነው፣ የጋዌን ገጣሚ ግን የቼሻየርና ስታፎርድሽር አካባቢ ሰው አነጋገር ነው ያለው። ለአፄ አምደ ጽዮን የተገጠሙትን የድሮ አማርኛ ግጥሞች ለማንበብ የሞከረ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፣ ቋንቋህ ነው ግን አይደለም።

ከዛ አንድ ቃል ላይ ቆምኩ፣ «ትራውዝ» የሚል። መፍቻው እውነት ይላል፣ ታማኝነት ይላል፣ ቃልኪዳን ይላል፣ እምነትም ይላል። የቱን ልውሰድ ብዬ ሳምንት ሙሉ ተጨነቅኩ። አንድ እሁድ ቤተክርስቲያን ቆሜ ቄሱ «በአማን» ሲሉ ሰማሁና በቃ እሱ ነው አልኩ። አማን በግዕዝ እውነት ነው፣ ከዛው ስር ደግሞ እምነት፣ ታማኝ፣ አመነ፣ አሜን ሁሉም ይወጣሉ። ዘመናዊው እንግሊዝኛ ለሁለት የከፈለውን ቃል የኛ ስር አንድ ላይ ይዞታል። ከዛ በኋላ ግጥሙ ውስጥ ያ ቃል በመጣ ቁጥር ጠርዙ ላይ በእርሳስ «አማን» እያልኩ ጻፍኩ፣ እና ዋናው ነገር ያኔ ነው የታየኝ፦ ይሄ ግጥም ጋዌን ይሞታል ወይስ ይተርፋል ብሎ አይደለም የሚጠይቀው፣ አማኑን ይጠብቃል ወይ ነው።

ጋሻው ላይ ያለውም ምልክት ይሄው ነው። ማለቂያ የሌለው ቋጠሮ የሚባል ባለአምስት ጫፍ ኮከብ ነው፣ ገጣሚው ሰሎሞን ለትራውዝ ምልክት እንዲሆን ያደረገው ነው ይላል፣ ከዛ አምስት ጊዜ አምስት ይቆጥራል፦ አምስቱ የስሜት ህዋሳት፣ አምስቱ ጣቶች፣ አምስቱ የክርስቶስ ቁስሎች፣ አምስቱ የማርያም ደስታዎች፣ አምስቱ ምግባራት። ክፍል ውስጥ ብዙዎቹ ይሄን ክፍል አሰልቺ ነው አሉ። እኔ ግን ሳዶር አላዶር ዳናት አዴራ ሮዳስ እያለች የምትጸልይ አያት አሳድጋኛለች፣ ቅንዋቱን፣ የክርስቶስን ችንካሮች ማለቴ ነው፣ አምስት ብሎ መቁጠር ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም ነበር። በጋሻው የውስጥ በኩል ደግሞ የማርያም ስዕል አለ፣ ጋዌን ሲዋጋ እሷን እያየ እንዲበረታ ተብሎ ነው የተሳለው።

አሁን ወደ መቀነቱ። በሶስተኛው ቀን ሴትየዋ መጀመሪያ የወርቅ ቀለበት ትሰጠዋለች፣ እምቢ ይላል። ከዛ ወገቧ ላይ የታሰረውን ፈታ ትሰጠዋለች፣ አረንጓዴ ሀር ነው፣ ጠርዙ በወርቅ የተሰራ። እሱንም እምቢ ሊል ሲል «ይሄን የታጠቀን ሰው ማንም ሊገድለው አይችልም» ትለዋለች፣ ያኔ ይቀበላል፣ ለባሏም እንዳይናገር ይስማማል። እኔ በመጀመሪያው ንባቤ የእንግሊዝኛውን ቃል ሳይ የሆነ የሴት የውስጥ ልብስ ነው የመሰለኝ፣ ምንም ሳይሰማኝ አለፍኩት። ሁለተኛ ጊዜ ስደርስበት ግን መቀነት! አልኩ። እናቴ ከቀሚሷ ላይ ደጋግማ የምትጠመጥመው፣ ጫፉ ላይ ብሯን የምትቋጥርበት፣ ከገበያ ስትመለስ ቋጠሮውን ፈታ ሳንቲም የምትሰጠን። ሴት መቀነቷን ፈታ ለእንግዳ ሰው ስትሰጥ ያ ክፍል ውስጥ ያለው ሙቀትና አደጋ ስንት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ደግሞ ጋሻው ላይ ቋጠሮ አለ፣ አሁን ወገቡ ላይ ሌላ ቋጠሮ ታሰረ፣ የመጀመሪያው አይፈታም የተባለ ነው፣ ሁለተኛው የተደበቀ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሶስተኛው ሶስት መሳም አግኝቶ ነበር፣ እነሱን ሁሉ ለጌትየው አንድ በአንድ አስረክቧል። መቀነቱን ግን ደበቀ። እዚህ ጋ በእጅ መገልበጤ ያሳየኝ አንድ ነገር አለ፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ያደነውን ቀድሞ የሚያስረክበው ጌትየው ነው፣ በሶስተኛው ቀን ግን ጋዌን ተሽቀዳድሞ ዛሬ እኔ ልጀምር ይልና መሳሞቹን ይሰጣል። የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው እንደዛ ነው የሚቸኩለው። ገጣሚው አንድም ቃል አይፈርድበትም፣ ቅደም ተከተሉን ብቻ ይቀይራል።

የአደኑን ክፍል ደግሞ መጀመሪያ ዘልዬው ነበር፣ አጋዘን እንዴት እንደሚበለት መስመር በመስመር ይናገራል፣ ምን ይጠቅመኛል ብዬ። ትልቅ ስህተት ነው። የመጀመሪያው ቀን አጋዘን፣ የሁለተኛው የዱር አሳማ፣ የሶስተኛው ቀበሮ ነው፣ እና ቀበሮው ከተሰነዘረበት ሰይፍ ሽው ብሎ ሲሸሽ ውሾቹ አፍ ውስጥ ይገባል። ጋዌንም በመጨረሻ መጥረቢያው ሲወርድበት ትከሻውን ሰብሰብ ያደርጋል። አደኑና መኝታ ክፍሉ አንድ ታሪክ ናቸው።

ሌላው ትምህርት፣ አንድን ሮማንስ ለብቻው አታንብቡ። እኔ መሀል ላይ ቆም ብዬ ኪንግ ሆርንን፣ ሀቭሎክን፣ ሰር ኦርፌዮን አነበብኩ። ኦርፌዮ ሚስቱን የተረት ዓለም ንጉስ ሲወስድበት ዙፋኑን ትቶ በገናውን ብቻ ይዞ አስር ዓመት ዱር ይኖራል፣ በመጨረሻ በበገናው ያስመልሳታል፣ አገሩ ሲገባም እንደራሴውን ፈትኖት ታማኝ ሆኖ ያገኘዋል። በነዚህ ታሪኮች ሁሉ መጨረሻው መመለስ ነው፣ ዙፋን፣ ሰርግ፣ ደስታ። የዘመኑ አድማጭ ጋዌንንም ሲሰማ ያንን ነው የሚጠብቀው፣ እና ጋዌን በህይወት ይመለሳል ግን አፍሮ ይመለሳል። ሌሎቹን ባላነብ ኖሮ ይሄ ማፈር ምን ያህል እንግዳ እንደሆነ አይገባኝም ነበር።

ኖቬምበር ላይ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር በመኪናዋ ለድስ ቸርች ሄድን፣ ስታፎርድሽር ውስጥ ፒክ ዲስትሪክት ጫፍ ላይ ያለ የድንጋይ ስንጥቅ ነው፣ ብዙ ሰው አረንጓዴው ቤተጸሎት ይሄ ነው ይላል። ከ15 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ቦታ አለው፣ ግድግዳው ከላይ እስከታች አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ነው፣ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ግጥሙ ውስጥ ያለው ግን ወንዝ ዳር ያለ ሳር የለበሰ ጉብታ ስለሆነ እኔ ሙሉ በሙሉ አላመንኩም። ቢሆንም እዛ ውስጥ ቆሜ ሶስቱን ምቶች ጮክ ብዬ አነበብኳቸው። አረንጓዴው ፈረሰኛ ጋዌን አንገት ላይ ሁለቴ ሰንዝሮ ያቆማል፣ ለሁለቱ ታማኝ ቀናት፣ በሶስተኛው አንገቱን ጫር ያደርገዋል፣ ለመቀነቱ። ግንቡ ውስጥ ያስተናገደው ጌታ እራሱ አረንጓዴው ፈረሰኛ ነበር፣ እና «ህይወትህን ስለወደድክ ነው፣ ስለዚህ ብዙም አልወቅስህም» ይለዋል። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ከብርዱ ብቻ አይደለም።

አዲሱን ወረቀት ስለ አማንና ስለ መቀነቱ ጻፍኩ። ከማስገባቴ በፊት በነበረው ማታ ለእናቴ ዋትሳፕ ደውዬ ታሪኩን ከጥግ እስከ ጥግ ነገርኳት። ጋዌን መቀነቱን በተቀበለበት በዛው ቀን ቄስ ጋ ሄዶ ንስሐ እንደገባ ስነግራት አቋረጠችኝ።

«ቆይ ልጄ፣ ስለ መቀነቱ ነግሯቸዋል?»

ይሄ ጥያቄ ምሁራን ለብዙ ዓመታት የተከራከሩበት ነው። ግጥሙ ሀጢአቱን ሁሉ ተናዘዘ፣ ቄሱም ነገ የፍርድ ቀን ቢሆን እንኳ እስኪበቃው አነጹት ይላል፣ መቀነቱን ግን አያነሳም። «አይናገርም እማዬ፣ ዝም ነው የሚለው» አልኳት። «እንግዲያ አልነገራቸውም» አለች ወዲያው። ከዛ «ሲመለስስ ምን አሉት?» አለች። እያፈረ እንደነገራቸው፣ የቤተመንግስቱ ሰዎች ሁሉ ስቀው ከዛ ቀን ጀምሮ ለሱ ሲሉ እያንዳንዳቸው አረንጓዴ መታጠቅ እንደጀመሩ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «አብረውት ታጠቁለት በለኛ፣ ደግ አደረጉ» አለች።

ወረቀቴ የመጨረሻ ገጽ ላይ ቤተመንግስቱ ጋዌንን አልተረዳውም፣ ቀለል አድርገው ሳቁበት ብዬ ጽፌ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ላፕቶፔን ከፈትኩና ያን አንቀጽ አጠፋሁት፣ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ቁጭ ብዬ እንደገና ጻፍኩት።