«እሱ የእኛ አይደለም አባባ»

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ለብዙ ዓመት ቱሪስት በቫን ሳስጎበኝ ኖሬያለሁ። እኔ ስጀምር ከተማው ውስጥ አስጎብኚ ለመሆን ፈተና ማለፍ ግድ ነበር። መቶ ጥያቄ፣ ሁሉም ምርጫ። ሌሊት እየሠራሁ ቀን እያጠናሁ አለፍኩት። የዋሽንግተን ሐውልት ቁመት 169 ሜትር፣ ግንባታው በ1848 የተጀመረ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ በገንዘብ እጦትና በፖለቲካ ሽኩቻ ከ20 ዓመት በላይ ቆሞ በ1884 ያለቀ፣ በዚህ የተነሳ 46 ሜትር ገደማ ላይ የድንጋዩ ቀለም የሚለወጥ፤ የሊንከን መታሰቢያ በ1922 የተመረቀ፣ ባለ 36 ዓምድ። እንዲህ ያለውን ሁሉ በእንቅልፌም ብትጠይቁኝ እመልስ ነበር።

ነገሩ የሆነው በ2013 ነሐሴ ላይ ነው። አንዲት እህት ደወለችልን። አባቷ ከአዲስ አበባ መጥተዋል፣ አሜሪካን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው፣ ከልጆቿ ጋር ሆነው ከተማውን ያስጎብኟቸው አለች። ሐበሻ ስለሆኑ ለእኔ ተሰጡኝ። ድርጅታችን አንድ የታተመ ወረቀት አለው፤ አምስት ሰዓት ስምንት ቦታ። ካፒቶል፣ ዋይት ሐውስ፣ የዋሽንግተን ሐውልት፣ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት መታሰቢያ፣ ሊንከን፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ፣ ጀፈርሰን፣ መጨረሻ ላይ ጆርጅታውን። ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ።

አባባ ከ80 የዘለሉ ናቸው። ቀጠን ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ከዘራ የያዙ። ገርሞኝ የነበረው ኮታቸው ነው። የዲሲን የነሐሴ ሙቀት የኖረበት ያውቀዋል፣ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይለጠፋል። እሳቸው ጥቁር ኮት ከነክራቫቱ አድርገው ነው የወጡት። ደረታቸው ላይ ትንሽ ባለ ሪባን ነገር አለች። የማኅበር ምልክት ትሆናለች ብዬ አለፍኳት። ልጃቸው «አባዬ ኮቱን አውልቅ» ብትላቸው እምቢ አሉ።

ቀኑ ደህና ሄደ። የዋሽንግተን ሐውልት ያኔ በ2011 የመሬት መንቀጥቀጥ ተሰነጣጥቆ እየተጠገነ ስለነበር ከላይ እስከ ታች በብረት መወጣጫ ተሸፍኗል፤ ልጆቹ ከሩቅ ፎቶ ተነሱበት። ሊንከን ጋ ስንደርስ እየሮጡ ደረጃውን ወጡ፣ እኔም ተከትዬ ማርቲን ሉተር ኪንግ በነሐሴ 1963 ቆሞ የተናገረበትን፣ ጽሑፍ የተቀረጸበትን ድንጋይ አሳየኋቸው። አባባ ታች አግዳሚ ወንበር ላይ ቀሩ። ውኃ ይዤላቸው ወረድኩ።

ዛፎቹን እያዩ ነበር።

«ልጄ፣ እዚህ የኮሪያ የሚባል መታሰቢያ አለ ይላሉ። ቅርብ ነው?»

ሰዓቴን አየሁ። ከሰዓት ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ከአሥር በኋላ ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ላይ ማቆም ይከለከላል፣ መኪናህ ተጎትቶ ይሄዳል። ጀፈርሰንና ጆርጅታውን ገና ናቸው። ወረቀቱ ላይ ኮሪያ የለም።

«እሱ የእኛ አይደለም አባባ» አልኳቸው። «የአሜሪካኖችና የኮሪያዎች ጦርነት ነው። ብዙም የሚታይ የለውም። ይልቅ ጆርጅታውንን ላሳይዎት።»

አየት አደረጉኝና «እሺ ልጄ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

በእግር አምስት ደቂቃ ነበር።

ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታቸው አድርሻቸው ሲወርዱ እጃቸውን ይዤ ደገፍኳቸው። ሁሉም ሲገቡ አሥር ዓመት የሚሆነው የልጅ ልጅ ወደ ኋላ ቀረት አለና በእንግሊዝኛ «አያቴ ኮቱን የለበሰው ወታደሮቹን ሊያይ ነበር» አለኝ። የትኞቹን ወታደሮች ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። እናቱን ጠየቅኳት። እሷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። አባቷ ቃኘው ሻለቃ ነበሩ። ኮሪያ ዘምተዋል። ቤት ውስጥ አያወሩትም፣ በደርግ ጊዜ ሜዳሊያቸውን ደብቀው ነው የኖሩት፣ እሷም ራሷ የሰማችው ካደገች በኋላ ነው።

ቫኑ ውስጥ ገብቼ ሞተር ሳላስነሳ ቁጭ አልኩ።

ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ አለማወቄ አልነበረም። አውቅ ነበር! ለፈተናው የኮሪያ መታሰቢያውን 19 የብረት ወታደሮች፣ በ1995 መመረቃቸውን አጥንቻለሁ። ቃኘው ሻለቃንም ቢሆን አገር ቤት ተምሬዋለሁ። በ1951 ኮሪያ መድረሳቸውን፣ በአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ሥር መዋጋታቸውን፣ ስሙ ከራስ መኮንን የፈረስ ስም መምጣቱን አውቃለሁ። ከ120 በላይ ልጆቻችን እዚያ ወድቀዋል። ግን አንዱ የሥራ እውቀት ነው፣ ሌላው የአገር ቤት ታሪክ ነው፣ ሁለቱ ጭንቅላቴ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም። እና አንድ ኮሪያ የተዋጋ ሰው ፊት ቆሜ «የእኛ አይደለም» አልኩ።

ከመተኛቴ በፊት ለልጅቷ ደወልኩ። «እህቴ፣ ነገ ጠዋት በማለዳ ልምጣ? በራሴ መኪና ነው፣ ክፍያ የለውም» አልኳት። መታሰቢያዎቹ ቀንም ሌሊትም ክፍት ናቸው፤ በማለዳ ደግሞ ማቆሚያ እንደ ልብ ነው፣ ሙቀቱም አልተነሳም። ጎሕ ሲቀድ በር ላይ ነበርኩ። አባባ ኮታቸውን ለብሰው ቆመው ጠበቁኝ።

እዚያ ስንደርስ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። ወታደሮቹ የዝናብ ልብስ ደርበው፣ መሣሪያ ይዘው፣ ቁጥቋጦው መሐል ተበታትነው ይሄዳሉ። ከሰው ቁመት ይበልጣሉ። ጎናቸው ያለው ጥቁር አንጸባራቂ ግድግዳ ላይ ምስላቸው ሲታይ 38 ይሆናሉ፤ ይኼ ኮሪያን ለሁለት የከፈለውን 38ኛውን መስመር ያስታውሳል እያልኩ ማስረዳት ጀመርኩ። አባባ አልሰሙኝም። ከዘራቸውን አንስተው በሐውልቶቹ መሐል ያለውን ክፍተት እየጠቆሙ ይለካሉ።

«አየህ፣ አልተጠጋጉም» አሉኝ። «አንዱ ቦምብ ሁሉንም እንዳይበላቸው ነው። ይኼኛውን ተመልከተው፣ ዞሮ የኋላውን ያያል። በጨለማ ስንወጣ እንዲህ ነው የምንሄደው።»

ስንት ጊዜ ሰው ይዤ እዚያ ቆሜያለሁ። ለምን እንደተራራቁ አስቤው አላውቅም።

ከዚያ የአገሮቹ ስም ወዳለበት ወሰድኳቸው። በሰሜን በኩል ባለው መንገድ ዳር ዝቅ ያለ የግራናይት ጠርዝ አለ፣ ወታደር ወይም ሐኪም የላኩት 22 አገሮች ስም ተቀርጾበታል። ስሞቹን እያነበብኩ ቀድሜ ሄድኩና «ኢትዮጵያ» የሚለው ጋ ቆምኩ። አባባ ደረሱ። ከዘራቸውን ለልጃቸው ሰጡ። ጎንበስ ለማለት ጊዜ ወሰደባቸው፣ ልንደግፋቸው ስንል በእጃቸው ከለከሉን። በሌባ ጣታቸው ፊደሎቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ነኩ። ቀስ ብለው። ልጃቸው ታለቅሳለች። እኔም ዞር አልኩ።

መጨረሻ ላይ መታሰቢያው ውስጥ ያለው ኩሬ ጋ የሞተ፣ የቆሰለ፣ የጠፋ፣ የተማረከ እያለ ቁጥር የተጻፈበት አለ። «አንብብልኝ» አሉ። የአሜሪካኑን የተማረከ ቁጥር 7,140 ብዬ ሳነብ ራሳቸውን ነቀነቁና «ከእኛ አንድም የለም» አሉ። «የሞተውንም ጥለን አልመጣንም።» የጓደኞቻቸውን ስም ጠሩ፣ ሦስት አራት ስም፤ ለእኔ አልነበረም።

ሰኞ ለአለቃዬ እንዳለ ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ቀጠሮ የምትይዘውን ልጅ ጠርቶ ፎርሙ ላይ «የተለየ ማየት የሚፈልጉት ነገር አለ?» የሚል መስመር አስጨመረ። ጥሩ ነው፣ ግን ፎርሙን የሚሞሉት ልጆች ናቸው። ስለዚህ እኔ ቫኑ ከመነሳቱ በፊት ከሁሉም በዕድሜ ትልቁን ሰው ራሳቸውን እጠይቃለሁ። ብዙ ነገር ነው የሚወጣው። አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት የቬትናም ግድግዳ ላይ፣ ከ58 ሺህ በላይ ስም መሐል፣ የወንድማቸውን ስም ፈልጌ እንዳሳያቸው ብቻ ነበር የፈለጉት። ኒው ዮርክ ይዣቸው የሄድኩ አንድ ጋሼ ደግሞ የነፃነት ሐውልቱን ሰልፍ ትተው ንጉሡ በጥቅምት 1963 የተናገሩበትን የተባበሩት መንግሥታት ሕንፃ አሳየኝ አሉኝ። ወረቀቱ ላይ አንዱም የለም። አንዳንዴ ከስምንቱ ቦታ ሁለቱ ይቀራሉ፣ እስከ ዛሬ በዚህ ያማረረ ሰው አላጋጠመኝም።

ዲሲ የምትመጡ ወይም ቤተሰብ የምታመጡ ካላችሁ መንገዱ ቀላል ነው። የሊንከን ደረጃ ላይ ሆናችሁ ፊት ለፊት ወዳለው ረጅም ኩሬ ስትዞሩ ቬትናም በግራ፣ ኮሪያ በቀኝ ነው። ወታደሮቹን በቀጥታ ታገኟቸዋላችሁ። የአገራችን ስም ያለው ግን መሬት ሊነካ ትንሽ ቀርቶት ነው። ሽማግሌ ከያዛችሁ በማለዳ ሂዱ፣ ጎንበስ ለማለት ጊዜ ስጧቸው።