ጆርጅ ሳንደርስ፦ ማስተማሩና መጻፉ

ጸሐፊ ማስተማር ከጀመረ ጽሑፉ ይሞታል የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ጊዜውንም ጉልበቱንም ተማሪ ይጨርሰዋል ነው ነገሩ። ይሄን በሰማሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ጆርጅ ሳንደርስ ነው፣ አሜሪካዊው የአጭር ልቦለድ ጸሐፊ። ከ1997 (ሁሉም ዓመት እ.ኤ.አ. ነው) ጀምሮ አሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት ባለው ሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ክሪኤቲቭ ራይቲንግ (የፈጠራ ጽሑፍ) ያስተምራል፣ ትልልቅ ስራዎቹን የጻፈውም እያስተማረ ነው።

ሰውዬው ሲጀምር ኢንጂነር ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ጂኦፊዚክስ ተምሮ በ1981 ተመረቀና ኢንዶኔዥያ፣ ሱማትራ ደሴት ሄዶ ነዳጅ ፍለጋ ላይ ሰራ፣ ታሞ ተመለሰ፣ ከዛ ያገኘውን ስራ እየሰራ ቆይቶ ለፈጠራ ጽሑፍ ማስተርስ ሲራኪዩስ ገባና በ1988 ጨረሰ። ሚስቱን ፓውላን ያገኛት እዛው ነው፣ እሷም ጸሐፊ ናት፣ በሶስት ሳምንት ውስጥ ተጫጩ።

እኔ ደጋግሜ የማስበው ከዛ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ልጆች መጡ፣ ገንዘብ የለም፣ ሮቼስተር ከተማ አንድ የኢንጂነሪንግ ድርጅት ውስጥ ቴክኒካል ሪፖርት ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። ማታ ማታ ስለ አንድ የሜክሲኮ ሰርግ ወደ 700 ገጽ የሚደርስ ልቦለድ ጻፈና ለፓውላ ሰጣት፣ ትንሽ ቆይቶ ቀስ ብሎ ሲያያት ገና መጀመሪያው ላይ ጭንቅላቷን በእጇ ይዛ ተቀምጣለች። ከዛ አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ የስልክ ስብሰባ ላይ ማስታወሻ ያዝ ተብሎ፣ ስብሰባው ሲሰለቸው ቤት የሚመቱ አጫጭር የቀልድ ግጥሞች ጫረ፣ ቤት ወስዶ ጠረጴዛ ላይ ጣላቸው፣ ፓውላ አንብባቸው ከሌላኛው ክፍል ስትስቅ ሰማት። የራሱን ድምፅ ያገኘው በዛ ሳቅ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1996 ወጣ፣ አብዛኛውን የጻፈው ከቢሮ ስራው በሚሰርቀው ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ማስተማሩ ልምጣ። ለሲራኪዩስ የፈጠራ ጽሑፍ ማስተርስ በየዓመቱ ከ600 እስከ 700 ሰው ያመለክታል፣ የሚገቡት ስድስት ናቸው! ሳንደርስ እነዚህን ልጆች የሩሲያ አጭር ልቦለድ በትርጉም ያስነብባቸዋል፣ ቼኾቭ፣ ቱርጌኔቭ፣ ቶልስቶይ፣ ጎጎል። ዘዴው በጣም ደስ ይለኛል፦ የቼኾቭን ታሪክ አንድ ገጽ ብቻ ይሰጥህና ያስቆምሃል፣ እስካሁን ምን አወቅህ? ምን ለማወቅ ጓጓህ? ታሪኩ ወዴት የሚሄድ ይመስልሃል? ከዛ ቀጣዩ ገጽ። በዚህ መንገድ ስታነብ ደራሲው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ምን እንደወሰነ ይገባሃል፣ ስለ ቴክኒክ የፈለግከውን ያህል ሌክቸር ብትሰማ ይሄን አይሰጥህም ብዬ ነው የማምነው።

የራሱን ድራፍት የሚያርመውም እንደዚሁ ነው። ግንባሬ ላይ መርፌ ያለው መለኪያ አለ ብዬ አስባለሁ ይላል፣ በአንድ በኩል ፖዘቲቭ በሌላው ኔጋቲቭ፣ እንደ አዲስ አንባቢ ሆኖ ያነብና መርፌው ወደ ኔጋቲቭ ያጋደለበትን ቦታ ይነካካል፣ እንደገና ያነባል፣ ይሄን ለወራት። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹን የሚያለማምደውና ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚሰራው አንድ አይነት ስራ ነው ማለት ነው፣ ማስተማሩ ጽሑፉን ይጎዳዋል የሚለው ነገር የማይዋጥልኝም ለዚህ ነው።

ማክአርተር ፌሎሺፕ የሚባለውን ትልቅ የአሜሪካ ሽልማት በ2006 አገኘ፣ የመጀመሪያ ረጅም ልቦለዱን ያሳተመው ግን በ2017 ነው፣ 58 ዓመቱ ላይ፣ ስለ አሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንከንና ስለሞተው ልጁ፣ በዛው ዓመት ቡከር የሚባለውን ትልቅ የልቦለድ ሽልማት ወሰደበት። በ2021 ደግሞ ለ20 ዓመት ያስተማረውን የሩሲያውያኑን ክላስ መጽሐፍ አደረገው (A Swim in a Pond in the Rain ይባላል)፣ የሚተነትናቸው ሰባት ታሪኮች ከነሙሉ ጽሑፋቸው ገብተውበታል። በዛው ዓመት መጨረሻ ሰብስታክ በሚባለው የኢንተርኔት መድረክ ላይ ስቶሪ ክለብ የሚል የንባብ ገጽ ከፈተ፣ እዛ ከስድስቱ አንዱ መሆን ሳያስፈልግህ አብረኸው ታነባለህ። መጻፍ የምትፈልጉ ልጆች ካላችሁ ከመጽሐፉ የመጀመሪያውን የቼኾቭ ምዕራፍ አንብቡ፣ እባካችሁ ሳትቸኩሉ፣ በየገጹ እየቆማችሁ።