የአባባ የጫማ ካርቶን

በዋሽንግተን ስቴት፣ በሪችላንድ ከተማ፣ በሆም ኬር (ሕመምተኛን በቤቱ የመንከባከብ) ሥራ አንድ ጡረተኛ የቧንቧ ገጣጣሚ ማስታመም ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። «አባባ» እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲህ በሌላ ስም እንድጠራቸው አይወዱም። በሥራቸው ላይ የተነፈሱት ቤሪሊየም የተባለ ብረት ብናኝ ሳንባቸውን ስለጎዳው፣ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን የተዘረጋው የኦክስጅን ቱቦ እግራቸውን እንዳይጠልፋቸው ከኋላ ከኋላቸው እየተከተልኩ እሰበስበዋለሁ።

ወጣትነታቸውን የጨረሱት በሃንፎርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 የተቋቋመው ይህ ስፍራ ናጋሳኪ ላይ ለተጣለው ቦምብ ፕሉቶኒየም ያመረተ ሲሆን፣ ከምርቱ የተረፈው ዝቃጭ ዛሬም በ177 የምድር ውስጥ ታንኮች ተጠራቅሞ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የፌዴራል ሕግ እንደ እሳቸው ላለ ሕመምተኛ 150 ሺህ ዶላር ካሳና የሕክምና ወጪ ይፈቅዳል፤ ሆኖም በቦታው መሥራታቸውን በማስረጃ ማሳየት ነበረባቸው። የቀጠራቸው ተቋራጭ ከፈረሰ ቆይቷል፣ መዝገቡም የለም። የደረሰላቸው የሠራተኛ ማኅበራቸው ነው። የማኅበሩ አባል ወደ ሥራ ሲላክ የሥራው ቦታና ቀን የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይሰጠው ስለነበር፣ አባባ ሁሉንም በጫማ ካርቶን አስቀምጠዋቸው ኖሯል፤ የጎደሉትን ደግሞ ማኅበሩ ከራሱ መዝገብ አሟላላቸው። ወረቀቶቹን አንድ ቀን በእጄ ይዤ አይቻቸዋለሁ፤ ጠርዛቸው ቢጫ ሆኗል፣ የእርሳሱ ጽሑፍ ግን ይነበባል።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 የሃንፎርድ ሠራተኛ ማኅበራት ምክር ቤት፣ ከታንኮቹ የሚወጣው ትነት ሠራተኛውን እያሳመመ ነው ብሎ፣ ንጹሕ አየር የሚሰጥ መሣሪያ ሳይታጠቁ ታንኮቹ አካባቢ መሥራት እንዲቆም አዘዘ። ከዚያ ቀደም፣ በ2015፣ የአባባ ሙያ ማኅበር፣ ስቴቱና አንድ የተቆርቋሪዎች ድርጅት ሃንፎርድን የሚያስተዳድረውን የፌዴራል ኢነርጂ መሥሪያ ቤት ከስሰው ነበር፤ ክርክሩ በ2018 በስምምነት ተቋጨ። በዚያው ዓመት ስቴቱ ያወጣው ሕግ፣ የሃንፎርድ ሠራተኛ ሲታመም ሕመሙ ከሥራው እንደመጣ አስቀድሞ እንዲገመት ደነገገ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 ሕጉን በሙሉ ድምፅ ሲሽረው አባባ ምሳቸውን ሳይቀምሱ ዋሉ፤ ስቴቱ ግን ከውሳኔው በፊት ሕጉን አሻሽሎ ስለነበር የሠራተኞቹ መብት ሜዳ ላይ አልቀረም።

ቀድሞ በነበርኩበት ድርጅት የሁለት ሳምንት የሌሊት ሰዓቴ ሳይከፈለኝ ሲቀር የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም። ይህን ስነግራቸው አባባ ሌላ ባዶ ካርቶን ከቁም ሣጥኑ እንዳወርድ አዘዙኝ፤ «የሠራሽውን እያንዳንዷን ሰዓት ጽፈሽ እዚህ ውስጥ ክተቺ፣ ልጄ» አሉኝ። እስከ ዛሬ እየጻፍኩ እከታለሁ።